ለልጅህ የሰጠሁት

ዘመሮ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለካህን አንተ እንደማይባል አላጣሁትም። መጀመሪያ በእርስዎ ጀምሬው ነበር፤ ሁለት መስመር ሄጄ ወረቀቱን ቀደድሁት። እርስዎ የምለውን ሰው አላውቀውም። የማውቀው አንተን ነው፤ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ በአባቴ የገብስ ማሳ ጥግ የሚያልፈውን ዲያቆን። ስለዚህ በዚያው ታገሠኝ።

ጤናህ እንዴት ነው? የወይዘሮ አዛለች የደም ግፊትስ እንዴት ሆነላት? ኪኒኗን በየወሩ ልጃችሁ ጽናት ከእኔ ስለምትወስድላት የባለቤትህን ግፊት ከአንተ በላይ ሳላውቀው አልቀርም። ባለፈው ወር ጨው ቀንሺ በያት ብዬ ልኬ ነበር፤ እንዳልቀነሰች አውቃለሁ። በጎቹስ እንዴት ከረሙ? የበልጉ ገብስ ያዘላችሁ? እኛ ዘንድ ብርዱ እንዳለ ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ድሮ በደብዳቤ «ከናፍቆትህ በቀር» ይባል ነበር፤ እሱ ከጉልበቴ ቀድሞ ድኖልኛል።

ዮሴፍን በሰላምታ መሀል አላነሣውም። የእሱ ነገር ለብቻው ነው፤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አቶ ምንይሉ መጡ። ባንኮኒው ፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰው ሁሉ ገዝቶ እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ «ቄሱ ልከውኝ ነው፤ ለልጄ ምን ሰጠሽው ብለህ ጠይቅልኝ ብለውኛል» አሉኝ። የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የእኔን ጉዳይ የያዙት ሽማግሌም እሳቸው ነበሩ፤ አሁንም የአንተን ቃል ተሸክመው መምጣታቸው አልገረመኝም። ሲጠይቁኝ አላፈሩም፣ እኔም አልተቆጣሁም። አገሩ የሚለውን አውቃለሁ። ዮሴፍ ከመሞቱ በፊት ሦስት ጊዜ ከእኔ መድኃኒት ቤት ገዝቷል። በአርባው ቀን አንተ ራስህ «በልጄ ሞት የሴት እጅ አለበት» እንዳልህ የነገሩኝ ብዙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከእናንተ ደብር በኩል የሚመጣ ሰው የራስ ምታት ኪኒን እንኳ ከእኔ አይገዛም። የምትመጣው ጽናት ብቻ ናት። እናቷ ትልካታለች፤ ልጅቷም ወሬ የሚመልሳት ዓይነት አይደለችም።

አቶ ምንይሉን «መልሱን በጽሑፍ እልካለሁ፤ በቃል የሄደ ነገር ወንዝ ሲሻገር ይለወጣል» ብዬ ሸኘኋቸው። እነሆ መልሱ።

መርዝ አልሰጠሁትም። መተትም አላሠራሁበትም። የጠየቀኝን ነው የሰጠሁት። ይህን ሰምተህ «ተመስገን» እንዳትል፤ የሚከፋው እሱ ነው። ለምን እንደሚከፋ እንዲገባህ ከኋላ ልጀምርልህ።

እኔና አንተን ሊያጋቡን ሲነጋገሩ ሰባት ቤት የተቆጠረበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰብስበው የአንተን ወገን ከአንተ አንሥተው ወደ ላይ፣ የእኔንም እንዲሁ፣ የት ላይ እንገናኝ እንደሆነ ሲፈልጉ ዋሉ። እኔ ከጓዳ ጠላ እያቀረብሁ ሁሉንም ሰማሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ላገባህ ነበር፤ የአባቶችህን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝሁት። ማን ማንን እንደ ወለደ ብቻ አይደለም፤ ስም በተነሣ ቁጥር አጎትህ፣ ያ ሰው በስንት ዓመቱና በምን እንደ ሞተ ይጨምሩ ነበር። አባትህ በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ ሆዱን ብሎ። አክስትህ በአርባ ስምንት፣ ማሕፀኗ እየደማ። አያትህ ሃምሳ ሳይሞላው፣ እሱም ሆዱን። የዚህ ሁሉ ምክንያት ደግሞ ከእናንተ ቤት እስከ ገበያው የታወቀ ነው። አያትህ የአገሩ የጋራ ሣር መሬት፣ ጓሳ፣ እንዳይታጨድ በተዘጋበት ዓመት በስርቆት ሣር አጭዶ ቤቱን ከደነ፣ አባቶችም ረገሙት፣ ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰው በሆዱ ይያዛል። በየዓመቱ ለዚያ እርግማን ማስተሰረያ በግ ታርዱ ነበር። እኔም አምኜዋለሁ፤ የማላምንበት ምን ምክንያት ነበረኝ?

ቆጠራው ነፃ አወጣን። በሰባት ቤት ውስጥ አንገናኝም ተባለ። ከዚያ በአራተኛው ወር አባቴ ሆዱ አብጦ ሞተ። ጉበቱ እንደነበረ የገባኝ መድኃኒት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ አረቄ ይወድ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ኀዘኑ ሳይወጣ ደግሞ እኔ አረገዝሁ።

ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው በድንግልና ቆርቦ ነው። ይህን አንተ ለእኔ ያስረዳኸኝ የገብሱ ማሳ ጥግ ቆመን ነበር፤ ቀስ ብለህ፣ ትምህርት እንደምትሰጥ ሆነህ። እኔን ብታገባ መቅደስ አትገባም። ስለዚህ መቅደሱን መረጥህ። እናትህ እማሆይ «እንኳን ቀረብን፤ የእነሱ ዘር ሆዱ የበሰበሰ ነው፤ አባቷ በምን ሞተና?» እያሉ በየቤቱ ተናገሩ። አንተም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመህ፣ በአቶ ምንይሉና በሌሎቹ ፊት፣ «በማሕፀኗ ያለው የእኔ ከሆነ ዘሬን ይንቀለው» ብለህ ማልህ። ድምፅህ ጥሩ ነበር። ያኔም ድምፅህ ጥሩ ነበር። እኔን «አንቺም ማዪ» ያለኝ የለም።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ጧፍ ይዞ የቆመው ዲያቆን አንተ ነበርህ። ተራህ ደርሶ ነው፤ አውቀህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እጅህን አየሁት። ጧፉን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነበር።

ትሕትና በአባቴ ስም ትሕትና አስፋው ተባለች። እኔም አገር ይፈርድብኝ እንደነበር ታውቃለህ፤ ስለዚህ ወደ ዘመሮ ወርጄ፣ መጀመሪያ ወለል ጠራጊ፣ በኋላ ተምሬ መድኃኒት ሻጭ ሆንሁ። እሷ ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት ነበራት። ዛሬ ዓለም ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ይህን የምነግርህ እንድትኮራ አይደለም፤ መብት የለህም።

በሃያ ሰባት ዓመቷ ሰገራዋ ላይ ደም አየች። ስትነግረኝ «ኪንታሮት ነው» አልኋት፤ እኔው፣ ሃያ ዓመት መድኃኒት የሸጥሁት እናቷ። አልሰማችኝም። ደብረ ብርሃን ሄደች፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኳት። አንጀቷን በካሜራ ሲያዩት ሽንብራ የሚያካክሉ ሁለት እብጠቶች ተገኙ፤ አንዱ መለወጥ ጀምሮ ነበር። እዚያው ቆርጠው አወጡላት። በጊዜ መጥተሻል አሏት።

ያየቻት ሐኪም ዶክተር ማዕረግ ትባላለች፤ ዝምተኛ ሴት ናት፣ ስትናገር ግን ቃሉን አታዞርም። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን አይመጣም፤ ቤተ ሰባችሁን ቁጠሩልኝ» አለችን። እርሳስ አንሥታ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በሳጥን መሳል ጀመረች። የእኔን ወገን ነገርኋት። አባቴ ላይ ስንደርስ ብዙ ጠየቀችኝ፤ አረቄውን ስነግራት ተወችው። ቀጥላ «የአባቷስ ወገን?» አለች። ትሕትና ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ቆጠርሁ። ስም አልጠራሁም። ግን ከላይ ጀምሬ ማን በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደ ሞተ አንድ ሳላስቀር ቆጠርሁ። ጠላ ሳቀርብ የያዝሁት ሁሉ ወጣ። ሐኪሟ በሆዱ የሞተውን በእርሳሷ ታጠቁር ነበር። ስንጨርስ የወረቀቱ አንድ ጎን ጠቁሯል፤ የእኔ ወገን ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ከትሕትና ክብ በላይ፣ ከእኔ ክብ አጠገብ፣ ስም ያልተጻፈበት አንድ ሳጥን ነበር።

የሁለታችንንም ደም ወሰዱ። ለምርመራ ውጭ አገር ይላካል ተባለ። ውጤቱ በነሐሴ 2015 መጣ። ትሕትና አለባት። እኔ የለብኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁም። ሒሳቡ የልጄን ያህል ትምህርት አይጠይቅም።

በሽታው ምን እንደሆነ ሐኪሟ ያስረዳችንን ልንገርህ፤ የብራና ሰው ስለሆንህ ከእኔ ቶሎ ይገባሃል። ሰውነት ዕለት ዕለት ራሱን እያየ ይገለብጣል፣ እንደ ቁም ጸሐፊ። ጸሐፊ ይሳሳታል፤ ለዚህ ደግሞ አራሚ አለው። ከወላጁ የተበላሸ አራሚ የወረሰ ሰው ግድፈቱ ሳይታረም ይከማቻል፤ ይበልጡን በአንጀት፣ በሴት ደግሞ በማሕፀንም። መጨረሻው ነቀርሳ ነው። የተሸከመው ሰው ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አንዳንዱ ተሸክሞት ሳይታመም ያረጃል፤ ልጁ ይቀድመዋል። የጓሳ ሣር በዚህ ውስጥ የለበትም። በጎቹን በከንቱ ነው ያረዳችኋቸው።

መድኃኒቱን ብነግርህ ላታምን ትችላለህ። አስፒሪን ነው። ለጥርስና ለራስ ምታት የምሸጠው፣ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት የተቀመጠው አስፒሪን። ሐኪሟ «በየቀኑ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለዓመታት» ብላ አዘዘችላት። እንዲህ ያለው አራሚ የጎደላቸው ሰዎች ላይ ለብዙ ጊዜ ተሞክሮ፣ በአንጀት ነቀርሳ ሊያዙ ከነበሩት ከሦስቱ አንዱን ያህል አስቀርቷል አለችን፤ የአንጀትን ቁጣ ያበርዳል። ችግሩ ሥራው መዘግየቱ ነው፤ ዛሬ የተዋጠው ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ጨጓራም ስለሚያደማ በባዶ ሆድ አይዋጥም፣ ያለ ሐኪምም አይጀመርም። በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም እኔና ትሕትና በዚህ ተጣልተን ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ መዋል ትፈልጋለች፤ ኪኒኑን ደግሞ ጠዋት መዋጥ ለምዳለች። የነፍስ አባቷ ሲሰሙ ሳቁና «ከመጀመሪያው ጉርሻሽ በኋላ ዋጪው፤ ጾሙም አይፈርስ፣ ሆድሽም አይቁሰል» አሏት። እንዲህ ያሉ ካህናትም አሉ።

ክትባትም እየተሞከረ ነው፤ ወደ እኛ ግን አልደረሰም። ያ ሳይታረም የቀረ ግድፈት ለሰውነት ዘበኞች እንግዳ ፊት ነው አለችን ሐኪሟ። ክትባቱ ያንን ፊት በሽታው ሳይመጣ ለዘበኞቹ ያሳያቸዋል፤ የመጣ ቀን ያውቁትና ይይዙታል። ይሠራ አይሠራ ገና አልተረጋገጠም። ትሕትና «ሲደርስ ጥሩኝ» ብላ ስሟን አስመዝግባለች። እኔ ክትባት የሕፃናት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እስከዚያው በየዓመቱ አንጀቷን በካሜራ ትታያለች፣ አስፒሪኗንም ትውጣለች። እስካሁን ንጹሕ ናት።

አሁን ወደ ጥያቄህ እመጣለሁ።

ውጤቱን የተቀበልን ቀን ሐኪሟ «ለደም ዘመድ የሚሰጥ ደብዳቤ አለ፤ በአባቷ በኩል ስንት ይበቃችኋል?» አለችኝ። ሦስት አልኋት። አንድ ለአባት፣ ሁለት ለልጆች። ወረቀቱ በቤተ ሰባችሁ እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቷል፣ መጥታችሁ ተመርመሩ፣ ይህን ይዛችሁ ከመጣችሁ የምንፈልገው ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ምርመራው አጭር ነው ይላል። «ዛሬ ነገ አትበዪ» አለችኝ ሐኪሟ። ትሕትናም በመንገድ ላይ «ታደርሺዋለሽ አይደል?» አለችኝ። አዎን አልሁ። በኋላም ስትጠይቀኝ አድርሻለሁ አልኋት።

አላደረስሁም። በባንኮኒዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከደረሰኞቹ ሥር አስቀመጥሁት።

ለምን ብትል፣ ወረቀቱ «ለደም ዘመድ» ይላል። አንተ ደግሞ ዘመዷ አይደለሁም ብለህ ምለሃል። መሐላህን አከበርሁልህ። ሆድ ይፍጀው አልሁ። ደስ እንዳለኝም አልደብቅህም። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ መስቀልህን ሲሳለም ሳይ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። የአንተን ቤት በአንዲት መሳቢያ ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገት ላይ አስሮ መዋል ይጣፍጣል። እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

ዮሴፍ መጀመሪያ የመጣው በጥር 2016 ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ለሴት ሲናገር እንደሚያፍረው አንገቱን ደፍቶ የኪንታሮት ቅባት ጠየቀኝ። ደም አለው ወይ አልሁት፤ አዎን አለ። ከመቼ ጀምሮ አልሁት፤ ከመስቀል ወዲህ አለ። ቅባቱን ሰጠሁት፤ ጠዋትና ማታ ብዬም አስረዳሁት። ለሁለተኛ ጊዜ በዐቢይ ጾም እኩሌታ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዳገት ስወጣ ያዞረኛል አለና የደም ማነስ ኪኒን ፈለገ። ሰጠሁት። መሳቢያዋ ከእጄ አንድ ክንድ አትርቅም ነበር። ጉልበቴ ነክቷታል።

ለሦስተኛ ጊዜ በሐምሌ ሲመጣ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል። የሕመም ማስታገሻ ጠየቀኝ። «ጠበል ልገባ ነው፤ እስከዚያ የሚይዝልኝ ስጪኝ» አለ። ጠበል ላይ መድኃኒት አይደረብም ብለህ የምታስተምረው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ከአንተ ተደብቆ ነው የገዛው። ሰጠሁት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና «እትዬ፣ ትሕትና ደህና ናት? ሰዎች ቁርጥ የእኛን ጽናት ትመስላለች ይላሉ፤ አንድ ቀን ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። ደህና ናት አልሁት። «ሰላም በይልኝ» ብሎ ወጣ።

ሰላምታውንም አላደረስሁም።

ለልጅህ የሰጠሁት ይኸው ነው። አንድ ቅባት፣ ሁለት ዓይነት ኪኒን፣ «ደህና ናት» የሚል ቃል። ሌላ የሰጠሁት የለም።

በጥር ወረቀቱን ብሰጠው ይድን ነበር ወይ ብዬ ዶክተር ማዕረግን ጠየቅኋት፤ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ። አስፒሪኑ በዚያ ሰዓት አያድነውም ነበር፣ ደም ከታየ በኋላ ለእሱ ጊዜ የለም አለች። ካሜራውና ቀዶ ጥገናው ግን ምናልባት። እሷ ብዙ ጊዜ «ምናልባት» አትልም። ያቺን ቃል ይዤ ነው የምተኛው።

በጥቅምት ቀበራችሁት። እኔ ከጥዶቹ ሥር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። አንተ ፍትሐቱን ስታሰማ ድምፅህ አንድ ቦታ ላይ ተሰበረ፤ ያኔ ደጃፉ ላይ ያልኸው ትዝ ብሎህ እንደሆነ ፊትህን አየሁት። ትዝ ብሎህ ነበር። «ልጄን የነቀለው መሐላዬ ነው» ብለህ ታስብ ይሆናል፤ በዚያም ብትሠቃይ ለእኔ ደግ ነበር። እውነቱ ግን እሱ አይደለም። በሽታው ከመማልህ በፊት በደምህ ውስጥ ነበረ፤ ከአያትህ ጀምሮ። መሐላህ ያደረገው ነገር ቢኖር ያንን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ማስቀረት ነው። ያስቀረው ደግሞ የእኔ እጅ ነው። በልጅህ ሞት የሴት እጅ አለበት ያልኸው እንግዲህ ውሸት አልነበረም። የአንተም እጅ ግን አብሮ አለበት።

በፋሲካ ትሕትና መጣች። ሒሳብ ልታግዘኝ ደረሰኝ ስትፈልግ፣ ሳልቆልፍ የተውሁት መሳቢያ ውስጥ ወረቀቶቹን አገኘቻቸው፤ ሦስቱም እንደታጠፉ። የዮሴፍን ሞት ከሰው ሰምታ ነበር። «አድርሻለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች። ደረሰኞቹን መሰብሰብ ጀመርሁ። «ዮሴፍ እዚህ መጥቶ ነበር?» አለች። ሦስት ጊዜ አልኋት። ሰላምታውንም ያኔ ነገርኋት፤ ዘጠኝ ወር ዘግይቶ። አልጮኸችም። የፋሲካውን ዶሮ ሳትቀምስ፣ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። አንድ መልእክት ብቻ ጽፋልኛለች፤ «ጽናትስ?» ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቅዟል።

እውነት ነው፤ ጽናትስ? ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ግማሽ በግማሽ። ደም አላየችም፣ አልከሳችም፤ ጠይቄያታለሁ። ለእሷ ካሜራውም አስፒሪኑም ጊዜ አለው። ሦስቱንም ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንዱ የአንተ ነው፤ ሃምሳ አንድ ዓመት ስላለፈህ ያመለጥህ አይምሰልህ። አንዱ የጽናት ነው። ሦስተኛውን ምን እንደምታደርገው አላውቅም።

ሐኪሟ ዘንድ ስትደርሱ የማን ዘመድ ናችሁ ትላችኋለች። የትሕትና አስፋው ትላታለህ። ምኗ ስትልህ ያንን ወረቀት አውጥታ ባዶውን ሳጥን ታሳይሃለች። እኔ እስከ ዛሬ አልጻፍሁበትም፤ ወደፊትም አልጽፍልህም። ስምህን የምትጽፈው አንተ ነህ፤ ጽናት አጠገብህ ተቀምጣ። ከዚያ በኋላ መቅደስ ትገባ አትገባ እንደሆነ ሕጉን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። የገብሱ ማሳ ጥግ አስረድተኸኛል።

ብልጠት አስበህ አስፒሪን ገዝተህ በዝምታ እንዳትሰጣት። ሳትታይ፣ ደሟ ሳይመረመር አይሆንም፤ ጨጓራዋን አድምተህ ታርፋለህ። ሌላም መንገድ አለህ። ወረቀቱን አቃጥለህ፣ «ያቺ ሴት አብዳለች» ብለህ፣ ልጅቷን ድረህ መጠበቅ። እኔ ያደረግሁትን ማድረግ ማለት ነው። ቀላል ነው፤ አንዲት መሳቢያ ትበቃዋለች።

አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም። የምጠይቀው ዮሴፍን ነበር። ወይዘሮ አዛለችንም እጠይቃት ነበር፤ በዚያ ግፊቷ ላይ ይህን መጨመር ፈራሁ። እሷ ምንም ሳታደርግ የሁለታችንን ነገር ተሸክማለች።

ይህን የመጨረሻውን ገጽ የምጽፈው ጽናት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነው። የእናቷን ኪኒን ልትወስድ መጣች። «ለአባትሽ የምታደርሺው ደብዳቤ አለ፤ ትንሽ ጠብቂኝ» ብያት «እሺ እትዬ» አለችኝ። አንድ እግሯን ከሥሯ አጥፋ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው የምትቀመጠው። ከዚህ እናንተ ዘንድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሰው የሚያርፍበት ድንጋይ አለ፣ ታውቀዋለህ። ፖስታውን አላሸግሁትም። ሙጫ አጥቼ አይደለም። ይህቺን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኻት አንተ ነህ፤ አሳምረህ አስተምረኻታል፣ የሐኪም ጽሕፈት እንኳ ከእኔ ቀድማ ነው የምታነበው።

እግዚአብሔር ዮሴፍን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ጽናትን ያቆይልህ። ለአንተም ስምህን የምትጽፍበት እጅ ይስጥህ።

የትሕትና እናት